የአቶ ባዘዘው ዕረፍት

ጡረተኛው ርዕሰ መምህር አቶ ባዘዘው ስድሳ ዘጠኝ ዓመት በሞላቸው ዓመት፣ እንጅባራ አጠገብ ያለው የቀበሌያቸው የፈረሰኞች ማኅበር አዲስ ደንብ አወጣ። ከመሬት ተነሥቶ፣ ያለ ደጋፊና ያለ መወጣጫ ፈረሱ ላይ መውጣት የማይችል አባል በጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል አይጋልብም፤ ዳስ ውስጥ ከክብር እንግዶች ጋር ይቀመጣል። ደንቡን ያነበበው ሊቀ መንበሩ ምስጋናው ነበር፤ አቶ ባዘዘው ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማሩት ሰው ነው። ሲያነብ ቀና ብሎ አላያቸውም፤ በዚህም ደንቡ ስለ ማን እንደ ተጻፈ ጉባኤው ሁሉ ዐወቀ።

አቶ ባዘዘው አርባ አንድ ዓመት ጋልበዋል። ዳስ ውስጥ ተቀምጦ ቆሎ መቆርጠም ለእሳቸው ከመቀበር የሚለየው በቆሎው ብቻ ነበር።

ስለዚህ እንደ ልማዳቸው የጊዜ ሰሌዳ አወጡ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት መነሣት፤ ዳገት መውጣት፤ ድንጋይ ማንሣት፤ መቶ ጊዜ ቁጭ ብድግ ማለት፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እንደ ገና ዳገት። ዕረፍት የሚባል ነገር በሰሌዳው ላይ አልነበረም። በሠላሳ ስድስት ዓመት አገልግሎታቸው ተማሪ የሚበላሸው በዕረፍት ሰዓት መሆኑን በዐይናቸው አይተዋልና።

በመጀመሪያው ሳምንት ግራ እግራቸው ርካቡ ላይ ይደርስ ነበር። በአራተኛው ሳምንት መድረስ አቃተው። ዳማ ፈረሳቸው አንገቱን አዙሮ ተመለከታቸውና ወደ ሣሩ ተመለሰ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ይመኙሽ ጤና ጣቢያ ወሰዷቸው። የመረመረቻቸው የጨርቅ ነጋዴው የኡስማን ልጅ፣ ኢሕሳን ነበረች።

«ጋሼ፣ በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?»

«ሥራ ስጨርስ ነው የምተኛው።»

«እኮ ስንት ሰዓት?»

«አራት ቢሆን ነው።»

«እንግዲህ ማረፍ አለብዎት።»

አቶ ባዘዘው ባርኔጣቸውን አነሡ። «ልጄ፣ አባትሽ ወዳጄ ነውና ክፉ አልናገርሽም። በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው ይህ ቃል በዋዛ አይነገርም።»

«መተኛት ማለቴ ነው።»

«እንግዲያስ መተኛት በዪ።»

«ጡንቻ ሲለፉበት ይጎዳል፤ ተጠግኖ የሚጠነክረው ሲተኙ ነው። እርስዎ ቀን ያፈርሱታል፤ ማታ ደግሞ አናጢውን ያባርሩታል። ለመሆኑ ዳማውን ለጥር ሲያዘጋጁት በየቀኑ ያስሮጡታል?»

«አብጃለሁ እንዴ? ፈረስ ዛሬ ከሮጠ ነገ ይቆማል። አለዚያ በበዓሉ ዕለት ያዋርዳል።»

አቶ ባዘዘው ያነሡትን ባርኔጣ መልሰው አስቀመጡ።

«ለፈረሱ የሚያዝኑትን ያህል ለራሳቸው ቢያዝኑ እኮ እዚህ አንመጣም ነበር» አሉ ወይዘሮ ይመኙሽ።

አቶ ባዘዘው ቤት እንደ ገቡ ሰሌዳውን አውርደው በቀይ እስክሪብቶ አረሙት። በየሌሊቱ የዘጠኝ ሰዓት እንቅልፍ፤ ልምምዱ አንድ ቀን እያለፈ፤ በመካከሉ ባለው ቀን ከምሳ በኋላ ጋደም ማለት። በሰሌዳ ላይ የተጻፈ ይፈጸማል፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ ተፈጸመ። ማኅበሩ ፈረስ ላይ የመውጣቱን ፈተና የሚሰጠው እሑድ ሊሆን፣ ቅዳሜ ምሳቸውን በልተው ተኙ።

ኋላ እንደ ተጣራው፣ ምስጋናው ስለ ፈተናው ሊያስታውሳቸው የደወለው ያን ጊዜ ነው። ስልኩን ያነሡት ወይዘሮ ይመኙሽ ነበሩ።

«እትዬ፣ ጋሼ አሉ?»

«አርፈዋል ልጄ።»

«መቼ?»

«አሁን፣ ከምሳ በኋላ።»

«ምን አገኛቸው?»

«ድካም ነዋ። ይረፉ ይረፉ ብዬ ስንት ለመንኋቸው። ተመስገን፣ አረፉልኝ።»

ምስጋናው በሴትዮዋ ጽናት ተገረመ። ሌላ ነገር ሊጠይቅ ሲል ኔትወርኩ ተቋረጠ። ወይዘሮ ይመኙሽም ስልኩን አስቀምጠው ወፍጮ ቤት ሄዱ።

አቶ ባዘዘውን ከእንቅልፍ ያነቃቸው የእድር ጡሩምባ ነው። በመስኮት ቢመለከቱ ግቢያቸው በፈረሰኛ ተሞልቷል፤ የእድር ሰዎች ድንኳን ይተክላሉ፤ ዳማው ኮርቻ ተጭኖ ቆሟል። የሞተ ፈረሰኛ ፈረስ በለቅሶው ፊት ባዶውን ይመራልና ወጉን ማድረሳቸው ነበር። ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። ጡሩምባው ከመሐል ተቆረጠ።

«ማን ሞቶ ነው?»

ምስጋናው ባርኔጣውን አወለቀ። «እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

«በምን?»

«በድካም ተብሏል። እትዬ ናቸው አርፈዋል ያሉኝ።»

«አርፌማ ነበር። አንተ ስድስተኛ ክፍልም ሳለህ ጥያቄውን አንብበህ ሳትጨርስ መልስ ትጽፍ ነበር።»

ከፈረሰኞቹ አንዱ ሳል መሰል ድምፅ አሰማ። አቶ ባዘዘው ወደ ዳማው ቀረቡ። የኮርቻው ጠፍር ላልቷል።

«ይህን የጫነው ማን ነው?»

ጠፍሩን ራሳቸው አጠበቁ፤ ለሙከራ ኮርቻውን ነቀነቁ፤ ጋማውን ጨበጡ፤ ግራ እግራቸውን ርካቡ ላይ አኖሩና ወጡ። መውጣታቸው ለራሳቸውም የታወቃቸው የለቀስተኛውን ሁሉ ዐናት ከላይ ባዩ ጊዜ ነው።

ምስጋናው ደብተሩን አወጣ። ከምሳ በኋላ የሰረዘውን ስም ከዝርዝሩ ግርጌ መልሶ ጻፈው።

«ደጋፊ አልነበረም፤ መወጣጫ አልነበረም፤ ምስክሩ ይህ ሁሉ ሰው ነው። አልፈዋል ጋሼ። ነገ መምጣት አያስፈልግዎትም። ይውረዱና ይፈርሙልኝ።»

አቶ ባዘዘው መሬቱን ተመለከቱ። ከተነሡበት ጊዜ ይልቅ ርቋል።

«ስለ መውረድ በደንቡ የተጻፈ አለ?»

ምስጋናው ገጹን ገለጠ፤ በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው አነበበ። «የለም።»

«እንግዲያስ ወንበር አቅርቡልኝ።»

የእድር ሰዎች ለለቀስተኛ ካመጧቸው ወንበሮች ጠንካራውን መርጠው አቀረቡላቸው።