የሰባት ቁጥር መኪና ፓነል

ወይዘሮ ሀብትነሽ ነገሩን በስልክ አሳጥረው ነገሩኝ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ሃድጉ ሬዲዮውን አውቆ ነው የከፈተው ወይስ ሳያውቅ? አውቆ ከሆነ ስድስት ሰዓት ላይ ከሥራ አሰናብተዋለሁ።»

የሚመሩት የግል አምቡላንስ ድርጅት ካዛንቺስ፣ ከፈረሰው ሰፈር በተረፈ ሕንፃ ውስጥ ነው። በስምንቱም መኪኖች ላይ የመገናኛ ሬዲዮ የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ በጥሪ ክፍሉ ስክሪን «7» የሚል ቁጥር ወጥቶ ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሳይጠፋ ቆይቷል። በወር ውስጥ ሦስተኛው ነው። አንዱ ሬዲዮ እያስተላለፈ ሌላው መናገር አይችልም፤ ሹፌሮች ደግሞ እየነዱ ስልክ እንዳያነሱ ተከልክለዋል። በዚያ መሀል ምጥ የያዛት ሴት ከቡልጋሪያ ሰፈር ትጣራ ነበር። ቅርብ የነበረውን መኪና ማግኘት ስላልተቻለ ላዳ ታክሲ ውስጥ ወለደች። እሷም ልጇም ደህና ናቸው። ክፍት የቀረው ሬዲዮ ግን የሰባት ቁጥሩን ሹፌር የጋሽ ሃድጉን ድምፅ ለመኪኖቹ ሁሉ አሰምቷል፦ «ይቺ ሀብትነሽ አምቡላንስ ከምትመራ የእድር ጡሩምባ ብትነፋ ይሻላት ነበር።»

ሁለቱ ባለፈው ሳምንት በፈረቃ ተጣልተው ነበር። ወይዘሮ ሀብትነሽ በቀል ነው ብለው ያመኑት ለዚህ ነው። ድምፃቸው መሰማቱን ግን ለጋሽ ሃድጉ የነገራቸው የለም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ግቢው ውስጥ መኪናው ጋ ደረስኩ። ጋሽ ሃድጉ ሃምሳ አምስት ዓመታቸው ነው። በሩ ላይ ተደግፈው ጠበቁኝ።

«ጋሽ ሃድጉ፣ ማክሰኞ ዕለት ማይኩን ማን ነካው?»

«ማንም። መንጠቆው ላይ ተሰቅሎ ነበር።»

«ስክሪኑ ላይ የወጣው ሰባት ቁጥር ነው።»

«ታዲያ ኤልዳድን ጠይቂዋ!» አሉና ወዲያው አፋቸውን ገጠሙ።

ኤልዳድ የአምስት ቁጥር ሹፌር ነው። ስለ ሰባት ቁጥር ለምን እሱ ይጠየቃል? መልሱን ስጠብቅ አንገታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ። ያን ጊዜ ጠረጠርኳቸው።

ዳሽቦርዱ ላይ የሚታየው ትንሽ ፓነል ሬዲዮው ራሱ አይደለም። ሬዲዮው ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ሳጥን ነው፤ ቻናሎቹም የመኪናው ቁጥርም የተመዘገቡት እዚያ ነው። ፓነሉ ስክሪን፣ ጥቂት ቁልፎችና እነሱን የሚያነብ ትንሽ ቺፕ አለው። ቺፑ የተጫኑትን ቁልፍ በኬብል ለሳጥኑ ይነግራል፤ ሳጥኑ የሚለውን ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያወጣል። የማይኩ ሽቦም በፓነሉ በኩል አልፎ በዚያው ኬብል ወደ ሳጥኑ ይሄዳል። የማይኩን ቁልፍ ስንጫን ሽቦው ከኔጌቲቩ ጋር ይገናኛል፤ ሳጥኑ ማስተላለፍ ይጀምርና ፓነሉን ቀይ መብራት እንዲያበራ ያዘዋል።

እኔን የከነከነኝ ይህ መብራት ነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዓይናቸው ሥር ቀይ መብራት ሲበራ እንዴት አላዩም?

በሳጥኑና በአንቴናው መካከል መለኪያዬን አስገባሁና ማይኩን ተጫንኩ። መርፌው ተነሳ። ቀዩ መብራት ግን አልበራም። እንደገና ተጫንኩ። አሁንም ጨለማ።

ማይኩን መንጠቆው ላይ ሰቅዬ ከፓነሉ ጀርባ ያለውን ኬብል በጣቴ ገፋ አደረግሁት። ማንም ሳይነካው መርፌው ተነሳ። ስለቀው ወደቀ።

ካቻቢቴ አወጣሁ። የፓነሉ ብሎኖች ጭንቅላት በቢላ ተፍቆ አገኘሁት። ከሶኬቱ ፒኖች አንዷ፣ የማይኩ ሽቦ ያለባት፣ ጎብጣ ጎረቤቷን ልትነካ ደርሳለች፤ ጎረቤቷ ኔጌቲቩ ናት። ፓነሉን ገልብጬ ሴሪያል ቁጥሩን ከደብተሬ ጋር አመሳከርኩ። የዚህ መኪና ፓነል አልነበረም። ይህን ፓነል የገጠምኩት አምስት ቁጥር ላይ ነው።

«ጋሽ ሃድጉ፣ ይሄ የኤልዳድ ነው።»

ጎንበስ ብለው ሴሪያል ቁጥሩን አዩት።

«እዚህ እንዴት መጣ?»

«የኔ ስክሪን በፀሐይ ደብዝዞ ቻናሉን ማንበብ አቃተኝ» አሉ ድምፃቸውን ቀንሰው። «ሦስት ጊዜ አመለከትኩ፤ ጠብቅ ተባልኩ። የሱ ጥርት ያለ ነው። ልጁ ምሳ ሲሄድ ቀየርኩት። ከላይ የተለጠፈውንም ቁጥር አቀያየርኩት፣ እንዳይታወቅ።»

«ታዲያ ኤልዳድን ጠይቂ ያሉኝ?»

«ሰባት ቁጥሩ ከፓነሉ ጋር ወደ እሱ ሄዷል ብዬ ነዋ! በጥሪ ክፍሉ ስክሪን ሰባት ወጣ ባሉኝ ቁጥር፣ ይሄ ዱርዬ በኔ ቁጥር እየቀለደ ነው እላለሁ። ደግሞ እንዴት ብዬ ልናገር? ሌባው እኔ።»

«ቁጥሩ ሳጥኑ ውስጥ ነው። የትም አልሄደም።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ቀን… እኔ ነበርኩ?»

«እርስዎ ነበሩ። ስለ ጡሩምባው ያሉትንም ሁሉም ሰምቷል። ፒኗን ያጎበጧትም እርስዎ ነዎት።»

የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀመጡ። «እንዳትጽፊው ተናኘ፣ በናትሽ። ሦስት ልጅ አለኝ።»

«ያየሁትን እጽፋለሁ። እኔ ከመጻፌ በፊት ግን እርስዎ ቢናገሩ ይሻላል።»

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁለታችን ወይዘሮ ሀብትነሽ ቢሮ ገባን። ኤልዳድም ተጠርቶ መጣ። ጋሽ ሃድጉ ቆመው፣ መሬት እያዩ ሁሉንም ተናገሩ። እኔ ስለ ፒኗና ስለማይበራው ቀይ መብራት ጨመርኩ። ኤልዳድ ፈገግ አለ። ፈገግታው አላማረኝም።

«ፓነልህ እንደተቀየረ አውቀህ ነበር?» አልኩት።

«በነጋታው ነዋ። ስክሪኑ ጭጋግ ሆነብኝ። ፋዘር ዓይናቸው ደክሟል፣ በቃ ይያዙት ብዬ ተውኩት።»

«ያንተ ፓነል ቀይ መብራቱ እንደተቃጠለስ?»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«ማክሰኞ ሬዲዮው ክፍት ሆኖ ስትሰማ ምነው ሳትናገር ቀረህ?» አሉ ወይዘሮ ሀብትነሽ።

«ማን ጠየቀኝ? በዚያ ላይ» አለ ወደ ጋሽ ሃድጉ ዞሮ፣ «የሰረቀኝ ሰው ትንሽ ይቀቀል ብዬ ነው። ሴትዮዋ መጥራቷን ግን አልሰማሁም። እውነቴን ነው።»

እውነቱን ይሁን አይሁን በቴስተር የሚለካ አይደለም።

ወይዘሮ ሀብትነሽ ወደ ጋሽ ሃድጉ ዞሩ። «ያን የጡሩምባ ነገር ያልከው እንደማልሰማህ አምነህ ነው ማለት ነው?»

«እመቤቴ፣ የምትሰሚኝ ቢሆንማ እንደዚያ እላለሁ?»

ሊስቁ ሲሉ ሳቃቸውን ያዙት። «ሥራህ ላይ ትቆያለህ። ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ይደርስሃል። አንተም ኤልዳድ፣ ያንተም ይመጣል። ተናኘ፣ ፒኗን አስተካክይ፤ ፓነሎቹም ወደየቦታቸው ይመለሱ።»

ግቢው ውስጥ ሁለቱንም ፓነሎች ፈትቼ ከየመኪናቸው የወጣውን አስያዝኳቸውና በቀኝ እጃችሁ ስጡ፣ በግራችሁ ተቀበሉ አልኳቸው። ጋሽ ሃድጉ የኤልዳድን ዘረጉ። ኤልዳድም የሳቸውን ዘረጋ። አንዳቸውም አልለቀቁም።

«ቅደም» አሉ ጋሽ ሃድጉ።

«እርስዎ ይቅደሙ ፋዘር። እርስዎን አምኜ?»

ፓነሎቹን ከሁለቱም እጅ እኔ ወሰድኳቸው።