የስልጆው ምስክር

አመተሥላሴ በዐቢይ ጾም ማብቂያ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤተሰቦቿ ወደ ሞላሌ መጥታ፣ የአባቷን ዳዊት ልታነብ ማኅደሩን ብትከፍት ከመጽሐፉ ጋር ሁለት እሽግ የሁለት ወር የደም ግፊት ኪኒን ወጣ። አንዱም አልተነካም። አባቷ ቄስ ወልደ አማኑኤል ሐኪም ያዘዘላቸውን ከተዉ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነው ማለት ነው።

ጥፋቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው ስልጆን ነው፤ የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ በስሎ፣ ሰናፍጭና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት የሚቦካውን የጾም ማባያ። ባቄላው ሲቦካ ፕሮቲኑ ይሰባበርና ፔፕታይድ የሚባሉ ጥቃቅን ቁርጥራጮች ይወጡታል። ከእነሱ አንዳንዶቹ በቤተ ሙከራ የደም ሥር የሚያጠበውን ነገር ሥራ ሲያዳክሙ ብታይ ጊዜ ደስታው አላስቀምጥ ብሏት ለአባቷ ደወለች፤ ግፊት ሳያወርድ አይቀርም አለቻቸው። ምናለ ያን ቀን አፏን ሰብሰብ ብታደርግ።

ቄሱ ከዚያ ወዲህ ጾማቸውን የሚያስፈታቸውን የጠዋት ኪኒን ትተው፣ ማታ ማታ ስልጆ በገብስ እንጀራ ይዘዋል። እናቷ ጥሩሸዋም ባሌን አዳንኩ ብላ ማሰሮው እንዲጎድል አልፈቀደችም። ጨዉ ደግሞ እንደ ልብ ነው፤ ጨው ለግፊት ምን እንደሆነ አመተሥላሴ ታውቃለች።

በማግስቱ ጤና ጣቢያ ወስዳ አስለካቻቸው። ነርሷ ሰርካለም ሁለቴ ለካች፤ ቁጥሩን ስትናገር ድምጿ ዝቅ አለ። መድኃኒቱን ዛሬውኑ እንዲጀምሩ፣ ይኼን ዓይነቱን ጾሙ ካስቸገራቸው ማታ ሊወስዱት እንደሚችሉ አስረዳቻቸው። ቄሱ ኪኒኑን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው ወጡ።

መንገድ ላይ አመተሥላሴ እንባዋን መያዝ አቃታት። ሥራዋ በብርጭቆ ውስጥ እንጂ በሰው ላይ አለመሞከሩን፣ ስልጆ ምግብ እንጂ የመድኃኒት ምትክ አለመሆኑን ነገረቻቸው። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈው ቆሙ።

«ባቄላ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን አስኬዳት እያሉ የመንደሩ ሰዎች ሲስቁብሽ ሰማሁ» አሉ። «በእኔ ላይ ሠርቶ ያዩ ዕለት ዝም ይላሉ ብዬ ነው።»

ለካስ ነገሩ የጾም ብቻ አልነበረም። አባቷ የገዛ ገላቸውን ምስክር አድርገው ሊያቆሙላት ኖሯል። ፍቅራቸው አንጀቷን በላው፤ አናደዷትም።

«አባ፣ እርስዎ ከሌሉ ያን ጥናት ጨርሼ ለማን ላነበው ነው?»

ቄሱ መቋሚያቸውን አንሥተው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ማታ ገበታው ተባርኮ፣ ከስልጆው ጠቀስ አድርገው ሲያበቁ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ጥናትሽ ለሰው እስኪደርስ ስንት ዓመት ይፈጃል?»

«አሥር ዓመትም ሊፈጅ ይችላል፣ አባ።»

ቄሱ ዕድሜያቸው ላይ አሥር ደመሩበት። ከዚያም የጋቢያቸውን ጫፍ ፈትተው ኪኒኑን በውሃ ዋጡና ባዶውን ኩባያ ለጥሩሸዋ አቀበሏት።

«እንግዲያ ይኼ ኪኒን እንዳይቋረጥብኝ» አሉ፤ «አሥር ዓመት መቆየት አለብኝ።»