ከመርፌው በፊት

የቢቸና ጤና ጣቢያ በሽተኞች ፈረንሳይኛ ሳይሰሙ ክንዳቸውን ለመርፌ አይሰጡም ነበር። ልማዱ የገባው በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዐቢይ ጾም ነው። ያስገባችው ይርጋነሽ ናት።

ይርጋነሽ በጤና ጣቢያው ሦስት ዓመት ቁስል አጥባለች፤ መርፌ ወግታለች። የምትፈልገው ግን ማዋለድ ነበር። በዚያ ዓመት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ፈረንሳውያን መነኮሳይያት የሚያስተምሩበት አንድ የአዋላጆች ትምህርት ቤት ከጎጃም አንዲት ተማሪ ብቻ እንደሚቀበል ተሰማ። ፈታኟ ከፋሲካ በኋላ ሞጣ ትመጣለች። ተፈታኞቹ ጥቂት ፈረንሳይኛ ማወቅ አለባቸው።

በቢቸና ፈረንሳይኛ ያውቃሉ የሚባሉት የኔታ ሣህለ ማርያም ብቻ ነበሩ። የቅኔ ሰው ናቸው፤ በትምህርት ቤቱ አማርኛና ግእዝ ያስተምራሉ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ፈረንሳይኛ ጀምረው ነበር። የት ድረስ እንደ ተማሩ የጠየቃቸው ሰው የለም።

ልትማር በሄደችበት በመጀመሪያው ቀን ደብተሯን አስዘጓት።

"በቅኔ ቤት ግስ የሚጠናው በጆሮ ነው" አሉ። "አንድ ግስ እሰጥሻለሁ፤ መሄድ። ስድስት መልክ አለው። እርሱን ከያዝሽ ሌላው ግስ ሁሉ ሳይለወጥ ከኋላው ይከተላል። ልበላ ነው። ላጥብ ነው። ልወጋ ነው። ስሙ የቅርብ ትንቢት ይባላል።"

"በፈረንሳዮቹ ዘንድ ነው፣ የኔታ?"

"በእኔ ዘንድ።"

ዠ ቬ፣ ቱ ቫ፣ ኢል ቫ። ኑዛሎን፣ ቩዛሌ፣ ኢል ቮን። በቅኔ ቤት ዜማ እየመሩ አስቀጸሏት። ስትሄድም አንድ ሕግ ሰጧት፤ አስቀድማ ሳትናገረው የምትሠራው ሥራ እንዳይኖር።

ሕጉን ጠበቀች። ቁስል ከማጠቧ በፊት "ዠ ቬ ላቬ"፣ መርፌ ከመውጋቷ በፊት "ዠ ቬ ፒኬ" ትላለች፤ በዜማ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። በሽተኞቹ ድጋም መሰላቸው። ባዘዘው የሚባል እግሩ የቆሰለ ገበሬ መጀመሪያ "አሜን" አለ። በማግስቱ ሦስት ሰዎች "አሜን" አሉ። በሳምንቱ ወረፋው ሁሉ አለ።

የጤና ጣቢያው ኀላፊ ድሬሰር ጓዴ ነበር።

"ይርጋነሽ፣ የየኔታሽ ትንቢት ዛሬ ምን ይላል? ምሳ አለ?"

"ቩዛሌ ማንዤ፣ ጋሼ።"

"ምን ማለት ነው?"

"ሊበሉ ነው።"

"ሹሮ እንደ ሆነ ከመቼ ወዲህ ነቢይ አስፈለገው?" አለ ጓዴ፤ መርፌውንም አንሥቶ ወደ ባዘዘው ዞረ። ባዘዘው ክንዱን ጋቢው ውስጥ አስገባ።

"ኧረ ጋሼ ጓዴ፣ ሳይደገምበት?"

በሰባተኛው ሳምንት ይርጋነሽ ጠየቀች።

"የኔታ፣ ያለፈውንስ መቼ እንማራለን?"

"ያለፈው የትም አይሄድም" አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ።

ሞጣ የደረሰችው በጭነት መኪና፣ በጤፍ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ነው። ከእርሷ ሌላ ሦስት ተፈታኞች ነበሩ፤ ሦስቱም መጽሐፍ ይዘዋል። ፈታኟ ረጅም፣ ነጭ ለባሽ መነኩሲት ናት። አማርኛ የለመደችው ሕሙማን ክፍል ውስጥ በመሆኑ ከትእዛዝ በቀር አታውቅም።

"ግቢ" አለቻት። "ቁሚ። ተናገሪ።"

ከዚያ በፈረንሳይኛ ጠየቀቻት። ይርጋነሽ ከጥያቄው የለየችው ቢቸና የሚለውን ብቻ ነው። መነኩሲቷ ይህን አይታ እጇን በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ አወዛወዘች፤ ያለፈውን፣ የሠራሽውን ንገሪኝ ማለቷ ነበር።

"ዠ ቬ ላቬ" አለች ይርጋነሽ። "ዠ ቬ ፒኬ።"

የሦስት ዓመት ሥራዋን ሁሉ ገና ልትጀምረው ሆነ። መነኩሲቷ ወረቀቱ ላይ አጭር ነገር ጻፈች። ይርጋነሽ አጻጻፏን አይታ አዲስ አበባ መሄዱ እንደ ቀረባት ተረዳች።

የቀረው የእጅ ሥራ ነበር። አልጋው ላይ እማማ ሙኒያ ተቀምጠዋል፤ የሞጣ ነጋዴ እናት ናቸው፤ እግራቸውን የፈላ ውኃ አቃጥሏቸዋል።

"እግርሽን ስጪ" አለች መነኩሲቷ።

እማማ ሙኒያ እግራቸውን ነጠላቸው ስር ሰበሰቡ።

"ስጪ።"

"ሰባት ልጅ የወለድኩ ሴት ነኝ" አሉ እማማ ሙኒያ ወደ ግድግዳው። "ይህቺ ሴትዮ ስጪ አትበለኝ።"

መነኩሲቷ ሌላ ቃል ፈለገች፤ አላገኘችም። ይርጋነሽ እጇን ታጠበችና ከአልጋው ግርጌ ተንበረከከች። ፈተናው እንደ ሆነ አምልጧታል፤ ልማዷ ግን አልለቀቃትም።

"ዠ ቬ ላቬ።"

"ምን አልሽ፣ ልጄ?"

"ላጥብዎት ነው፣ እማማ።"

"እንዲህ አስቀድሞ መንገር ነው እንጂ" አሉና እግራቸውን ከነጠላው አወጡ።

አጠበች። "ዠ ቬ ኩፔ" አለች፤ የሞተውን ቆዳ ልቆርጥ ነው። እማማ ሙኒያ ዐይናቸውን ጨፍነው "አሚን" አሉ። "ዠ ቬ ፓንሴ።" "አሚን።" ፋሻው እስኪታሰር እግሩ አልተንቀሳቀሰም።

መነኩሲቷ ብዕሯን ይዛ ቆየች። ከዚያ ቀድሞ የጻፈችውን ሰረዘች።

"አዲስ አበባ" አለች። "ነይ።"

ይርጋነሽ ቢቸና ስትመለስ በቀጥታ ወደ የኔታ ቤት ሄደች።

"ያለፈውን ጠየቀችሽ?" አሉ፤ ከሁሉ አስቀድመው።

"ጠየቀችኝ።"

"ምን አልሽ?"

"ላደርገው ነው አልኳት።"



"የቅርብ ትንቢት ላይ ሳለን ነው ጣሊያን የገባው" አሉ የኔታ። "ከዚያ ወዲያ ያለውን እኔም አልደረስኩበትም።"

"ዐውቅ ነበር።"

"ከመቼ?"

"ከሁለተኛው ሳምንት።"

"እና ዝም አልሽ?"

"ሊነግሩኝ ነው ብዬ።"

በግንቦት ሄደች። በሰኔ መጀመሪያ፣ አንድ ማለዳ፣ ድሬሰር ጓዴ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ የኔታ ደጅ ላይ ቆመ።

"ክንዳቸውን አልሰጥ አሉኝ፣ የኔታ። ባዘዘው ሰው ሁሉ አሳድሞብኛል።"

"ግባ፤ ተቀመጥ" አሉት። "ስድስት መልክ አለው። በል፤ ዠ ቬ።"

ጓዴ በመንገዱ የሚያልፍ ሰው አለመኖሩን አየ።

"ዠ ቬ" አለ።

"አልተሰማም" አሉ የኔታ።