ከአንሶላዎቹ መሃል

ልጁ መሰርሰሪያውን ይዞ ሲገባ አባቱ ከወንበሩ አልተነሳም።

"መጣህ፣ እሳት አደጋው?"

ይህን ቅጽል ስም ያወጣችለት እናቱ ነበረች። በየሕንፃው እየዞረ የእሳት ማጥፊያ መግጠምና መፈተሽ ከጀመረ ወዲህ ዘመድ አዝማዱ በሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም።

"መጣሁ አባዬ። ማድ ቤቱን ቀለም አስቀባኸው እንዴ?"

"ኧረ ምን ቀለም! ጎረቤቲቱ ናት በኖራ የለቀለቀችው። ጥቁሩ እንደሆነ መልሶ ይወጣል።"

እውነቱን ነው። ከምድጃው በላይ ጥላሸቱ በነጩ ውስጥ እንደ ላብ ወዝቶ ይታያል። እናቱ ሳለችም እዚያው ግድግዳ ላይ የእሳት ማፈኛ ብርድ ልብስ ከነቀይ ከረጢቱ ሰቅሎ ነበር። ዘይት ቢነድ ከከረጢቱ ስር የተንጠለጠሉትን ሁለት ጥብጣቦች ወደ ታች ስቦ፣ ጨርቁን ድስቱ ላይ መጣል ነው፤ ሌላ ጥበብ የለውም። እናቱ ግን የዘይት ፍንጣቂ ቀዩን ከረጢት ሲያበላሸው አይታ አንጀቷ አልቻለም። ልጄ ያመጣልኝን እንዲህ ላቆሽሸው? ብላ አወረደችው፤ ከአዲሶቹ አንሶላዎች መሃል ከተተችው። ለማንም አልነገረችም።

ዘይቱ የነደደ ቀን ውኃ ደፋችበት። እሳቱ ዘሎ ቀሚሷን ያዘ። አባትየው ከመኝታ ቤት ሮጦ ሲደርስ ግድግዳው ላይ ያገኘው ባዶ ምስማር ነው። ከቀብሩ በኋላ፣ ለሚያድረው ዘመድ አንሶላ ሲወጣ፣ ብርድ ልብሱ ከነማሸጊያው ተገኘ።

ልጁ ዛሬ ያመጣውን አዲስ ብርድ ልብስ ከማድ ቤቱ በር ጎን፣ እጅ በቀላሉ በሚደርስበት ሰቀለው።

"አባዬ፣ ና እስቲ አንዴ ሳበው። ስትስበው ልይና ልሂድ።"

"እስበዋለሁ።"

"አሁን።"

"ምን አጣደፈህ? እሳት የለ፣ ጭስ የለ።"

"ለዚህ እኮ ነው አሁን የምልህ። ሌላ ምንም አልጠየቅሁህም።"

አባትየው ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳ። ጥብጣቦቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረጋቸው፤ ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ መለሰ።

"ስቤውስ? ማን ላይ ልጣለው?"

"ድስቱ ላይ ነዋ!"

"ድስት መች እጥዳለሁ? ዳቦ ነው የምገምጠው።"

ልጁ ሊስቅ ነበር፤ ሳቁ አልመጣም። ራሱ ሳበው። ጨርቁ ሿ ብሎ ወርዶ ተዘረጋ። አባትየው አፍጦ ቀረ።

"ይህን ያህላል እንዴ?" አለ። "ሰው ያለብሳል እኮ።"

"ያለብሳል።"

"እሷማ ትንሽ ነበረች። ይተርፋት ነበር።"

ከልጁ እጅ ተቀበለው። ጥግና ጥጉን አገናኝቶ፣ አገጩ ስር ይዞ፣ በመዳፉ እየዳበሰ አጠፈው፤ ልክ እሷ እንደምታጥፈው።

"አባዬ፣ ወደ ከረጢቱ ነው የሚመለሰው። አምጣው።"

"ይቆሽሻል።"

ይዞት መኝታ ቤት ገባ። የቁም ሳጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማ።

ልጁ ደጋግሞ ተጣራ። ገብቶ ቢቀማው፣ ሰቅሎት ቢሄድ፣ ነገ ተመልሶ ይወርዳል። ባዶውን ከረጢት ግድግዳው ላይ ትቶ ወጣ።

ኮሪደሩ ላይ ጎረቤቲቱ የእሳት ማጥፊያው ላይ ጃንጥላዋን ሰቅላለች። ሌላ ቀን ቢሆን በሯን አንኳኩቶ ይቆጣት ነበር። ሲሊንደሩን አወረደ፤ ውስጡ ያለው ማጥፊያ ዱቄት እንዳይጋገር ገልብጦ ነቀነቀው። የግፊት መለኪያው መርፌ አረንጓዴው ላይ ነው፤ ይሠራል። መልሶ ሰቀለው፤ ጃንጥላውንም እላዩ ላይ አንጠለጠለው።