ለእንጨት ያልተገዛው ሮኬት

እጮኛዬ ሃይሰም ዋሽቶኛል። የዋሸኝ ስለ ሴት ወይም ስለ ሥራው አይደለም፤ ስለ አንድ ክፍል ነው። ለሌላ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ክፍል ውጭ ሳገባ የምሠራበት ቦታ አልነበረኝም።

በግብጽ የአናጢዎች ከተማ በዱሚያጥ ምድር ቤቱ የሥራ ቦታ ነው፤ ሰው የሚኖረው ከላይ ነው። የእኛም ቤት እንደዚያው ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ስመለስ የወንበር መደገፊያ መቅረጽ የጀመርኩት እዚያ፣ ከአባቴ ጠረጴዛ አጠገብ ነው። ሳገባ ግን ቦታው የወንድሜ የከሪም ይሆናል። ያገባች ሴት በየጠዋቱ የአባቷን ቤት ብናኝ ልትተነፍስ አትመለስም። ብትመለስ ሰፈሩ ከባሏ ተጣልታ መጣች ይላል።

ስለዚህ ለጋብቻው ቃል ፋቲሐ የተቀራ ዕለት፣ ሽማግሌዎቹ ሃይሰም ስለሚሰጠኝ ወርቅ ማውራት ሲጀምሩ አቋረጥኳቸው። ከቀለበቱ በቀር ወርቁን አልፈልግም፤ በምትኩ ከአፓርታማው ሦስተኛው ክፍል፣ በረንዳ ያለው፣ የሥራ ክፍሌ ይሁን አልኩ። የሃይሰም አጎት ሳቁ መጣ። "ወርቅ በመጋዝ ብናኝ የምትለውጥ ሙሽራ ገና ዛሬ አየሁ" አለ። ሃይሰም አልሳቀም። "ክፍሉ የእሷ ነው" አለ። እናቱ ጉልበታቸውን አሟቸው ያን ዕለት አልመጡም ነበር። እጃችንን ዘርግተን ፋቲሐ ቀራን። እኛ ዘንድ ከዚያ በኋላ ማንም ማስረጃ አይጠይቅም፤ መጠየቅ እንደ ስድብ ነው።

ግድግዳውና ወለሉ የሙሽራው ድርሻ ነው፤ ውስጡ የሚገባው ዕቃ የሙሽሪት። ጓደኞቼ ማቀዝቀዣና ልብስ ማጠቢያ ሲያማርጡ እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ትንሽ ግራይንደር፣ በሚሽከረከር ዲስክ የሚቆርጥና የሚያለሰልስ መሣሪያ፣ ልመርጥ ነው። ግብጽ ውስጥ ሮኬት ነው የሚባለው፤ ድምፁን የሰማ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ሃይሰም አብሬሽ ካልሄድኩ አለ። ደስ አለኝ። ያን ደስታ አሁን ሳስበው ያናድደኛል።

የመሣሪያ ሱቁ ባለቤት ሐጂ አብዱልባሲጥ ሁለት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ። አንደኛው ቀጭን ነው፤ ወገቡ በመዳፌ ውስጥ ሙሉ ይገባል፤ ከኋላው ፍጥነቱን የሚቀንስና የሚጨምር ማዞሪያ አለው። ሌላኛው ወፍራምና ጉልበተኛ ነው፤ ፍጥነቱ ግን አንድ ብቻ። ቀጭኑን በአንድ እጄ ይዤ ወደ ላይም ወደ ጎንም አዟዟርኩት። የወንበር እግር ጠማማ ነው፤ መሣሪያው አብሮት ካልዞረ ይበላዋል። እንጨት ደግሞ በሙሉ ፍጥነት ከተነካ ያርራል።

"ይሄ ነው" አልኩ።

ሃይሰም ወፍራሙን አነሳ። "ይሄኛው ሴራሚክ ይቆርጣል?"

"እንደ ብስኩት ነው የሚቆርጠው" አለ ሐጂ። "ግን ሙሽሪት የምትሠራው ወንበር ነው መታጠቢያ ቤት?"

"ቤት ነው ሐጂ። ቤት ውስጥ የማይመጣ ነገር የለም።"

"ለእሷ ቀጭኑ ይሻላታል። እጇን አታይም?"

"እጇንማ ከእኔ በላይ ማን አይቶት?" አለ ሃይሰም። ሐጂ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ኢናስዬ፣ ቀጭኑ መጫወቻ ነው። ነገ ከነገ ወዲያ ይቃጠልብሽና ታለቅሻለሽ። ይሄኛው ለልጆቻችን ይተርፋል። ለአንቺ አስቤ ነው።"

"እኔ ለዕቃ አላለቅስም።"

"እሺ፣ እኔ አለቅስልሻለሁ። ውሰጂው።"

ወሰድኩት። ስለ መሣሪያና ስለ እንጨት የተማርኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ወደብ ላይ ጭነት የሚመዘግብ ሰው ነው። ግን ለሥራዬ ይህን ያህል የሚጨነቅ ወንድ አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ጭንቀቱን ዕውቀት አደረግኩት።

በማግስቱ በአባቴ ጠረጴዛ ላይ ሞከርኩት። ብርጭቆ ወረቀት ያለውን ዲስክ አስሬ የወንበሩን እግር ገና ሳስነካው ጠቆረ። አባቴ፣ ሰፈሩ ኡስታ ሩሽዲ፣ ባለሙያው ሩሽዲ፣ የሚለው፣ ሽታውን ተከትሎ መጣ። የተቃጠለውን በጣቱ ዳሰሰ፤ ሮኬቱን ገለባበጠ።

"ይሄ የድንጋይ ነው። ማነው የመረጠልሽ?"

"እኔ ነኝ።"

አየኝ። "እንግዲህ ተምረሻል" ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

ለሃይሰም ደወልኩለት። ቶሎ አመነ፤ ያን ያህል ቶሎ ማመኑ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። "ልክ ነበርሽ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔው ወስጄ በቀጭኑ አስቀይርልሻለሁ" አለ። በዚያው ቀን መጥቶ ከነሳጥኑ ወሰደው። ከዚያ በጠየቅኩት ቁጥር መልሱ አንድ ነበር፤ ሐጂ ጋ ቀጭኑ አልቋል፣ ጭነት እየተጠበቀ ነው። ሥራው ጭነት የሆነ ሰው ጭነት ዘገየ ሲል ምን ብዬ ልከራከረው?

አንድ ቀን ብርጭቆ ወረቀት ሊያልቅብኝ ሲል ሐጂ ሱቅ ሄድኩ። ቀጭኑ ሮኬት መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

"ጭነቱ ገባ እንዴ ሐጂ?"

"የምን ጭነት?"

"ሃይሰም ሊያስቀይር ያመጣውስ?"

"ሃይሰምን ከአንቺ ጋር ከመጣ ወዲህ አላየሁትም። ይሄም ከመደርደሪያው ወርዶ አያውቅም፤ አቧራውን አታይም?" ፊቴን አየና ድምፁ ለዘብ አለ። "ምናልባት ሌላ ሱቅ ሄዶ ይሆናላ።"

ብርጭቆ ወረቀቱን ሳልገዛ ወጣሁ።

የአፓርታማችን ሕንፃ ደረጃ ላይ ስደርስ ሰማሁት። እንጨት ሲነካ ሮኬት ያጉረመርማል፤ ሴራሚክ ሲነካ ይጮኻል። ይህ ይጮኽ ነበር። በሩ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ነጭ አቧራ ለብሷል። የሃይሰም እናት፣ ታንት ማለትም አክስቴ ብዬ የምጠራቸው ኒህማዶ፣ ሦስተኛው ክፍል በር አጠገብ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አፍንጫቸውን በሻርፓቸው ሸፍነው ተቀምጠዋል።

ክፍሉን ከትከሻቸው በላይ አየሁት። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሮዝ አበባ ባለው ሴራሚክ ተሸፍኗል። ለሥራ ጠረጴዛዬ ብዬ ከፍ አድርጌ ያስተከልኳቸው ሶኬቶች በጂፕሰም ተደፍነዋል። ብናኙ እንዲወጣበት የመረጥኩት በረንዳ በመስታወት ተዘግቷል። መሀል ላይ ኡስታ በዩሚ የሚባለው የሴራሚክ ሠራተኛ ቁጢጥ ብሎ በእኔ ሮኬት ይቆርጣል። እንደ ሴራሚክ ሠራተኞች ልማድ ትልቅ ዲስክ እንዲገባለት መከለያውን ነቅሎታል። መከለያውና የጎን እጀታው ሲሚንቶ ባልዲ ውስጥ ናቸው።

ታንት እጄን ያዙኝ። "ነይ ልጄ፣ አበባውን እይው። አንቺም ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የመረጥኩት።"

"ክፍሉ የማን ነው ታንት?"

"እንዴት የማን? ሃይሰም አልነገረሽም እንዳትዪኝ። ጉልበቴ የእኔን ቤት ረጅም ደረጃ ከለከለኝ አይደል? የዚህኛው ጥቂት ነው። ፋቲሐ ሳይቀራ ገና ነው እኮ፣ 'እማዬ፣ የበረንዳው ክፍል ያንቺ ነው' ያለኝ።" ሻርፓቸውን ከአፋቸው አወረዱ። "ኋላ አጎቱ ልጅቷ ወርቁን በክፍሉ ለወጠችው ሲለኝ ደነገጥኩ። ሃይሰም ግን 'ነገርኳት፤ ላንቺ ስትል በደስታ ትታዋለች' አለኝ። አላህ ያክብርሽ። የዛሬ ሴት አማቷን እንዲህ ትቀበላለች?"

ፊቴን ሲያዩ እጄን ለቀቁ።

ሃይሰም ለሠራተኛው የፉል ሳንድዊች ይዞ ገባ። ሲያየኝ ወደ ደረጃው ሊመለስ ያሰበ መሰለኝ፤ ግን አልተመለሰም።

"ኢናስዬ፣ ልነግርሽ ነበር።"

"መቼ?"

"ሲያልቅ። አምሮ ስታዪው።"

"ሐጂ ጋ 'ሴራሚክ ይቆርጣል?' ስትል ስለዚህ ወለል ነበር የምትጠይቀው?"

"ኡስታ በዩሚ የእሱ ተቃጥሎበት ነበር። አንድ መሣሪያ ሁለት ሥራ ቢሠራ ምን ነውር አለው? የቤታችን ነው ብያለሁ።"

"ክፍሉንም ለሁለት ሰው ነው የሰጠኸው።"

"እናቴን የት ልጣላት? እስቲ አንቺ ንገሪኝ።"

"ብትጠይቀኝ እሺ እል ይሆናል። ሌላ ቦታ እንፈልግ ነበር።"

"እምቢ ብትይስ?"

"እምቢ ብልማ እምቢ ነው።"

"አየሽ? ለዚህ ነው ያልጠየቅኩሽ።" እንደ ረታ ሰው ነበር የተናገረው። "ደግሞ ወርቁን ተይ ያለሽ የለም። ራስሽ ነሽ የተውሽው።"

ታንት ኒህማዶ ከወንበራቸው ለመነሳት ሞከሩ፤ አልቻሉም። "ሃይሰም" አሉት፤ "እኔን በዚህች ልጅ ፊት ሌባ አደረግከኝ?"

"እማዬ፣ አንቺ አትግቢበት።"

"ገብቻለሁ እኮ። ወለሉ ለእኔ አይደል የተነጠፈው?"

ገብቼ ለኡስታ በዩሚ እጄን ዘረጋሁ። "ሮኬቱ የእኔ ነው። ስጠኝ።"

"እመቤቴ፣ የበሩ ጥግ ብቻ ናት የቀረችኝ። እንዲህ ከተተወች እሳቸው ይደናቀፉባታል።"

የታንትን እግር አየሁ። "ቁረጣት" አልኩት።

ሮኬቱ እንደገና ጮኸ። ሃይሰም አጠገቤ መጥቶ ማውራት ጀመረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ፣ እጁን ደረቱ ላይ ሲያደርግ፣ ወደ እናቱ ሲጠቁም አያለሁ። ምን እንዳለ አላውቅም፤ ለመስማትም አልተጠጋሁም። ቁራጩ ሲወድቅ ኡስታ በዩሚ ሶኬቱን ነቅሎ ሮኬቱን ሰጠኝ። ትኩስ ነበር። መከለያውንና እጀታውን ከባልዲው አውጥቼ በቀሚሴ ጠረግኳቸው።

"ቀለበቱስ?" አለ ሃይሰም።

"አባቴ ያመጣልሃል።"

"በአንድ ሮኬት ምክንያት ሠርግ ሊፈርስ ነው? ሰው ምን ይላል?"

"የምትላቸው አታጣም።"

ስወጣ የክፍሉን በር ገፋ አደረግኩት። አዲሱ ወለል ስለ ጨመረ ታችኛው ጠርዙ ሴራሚኩን ፋቀና መሀል ላይ ቆመ።

"ይሄ ከሥሩ መላግ አለበት" አልኳቸው ታንትን። "በሩን ነቅለው ወደ ከሪም ይላኩት።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። ሃይሰም ሳንድዊቹን እንደያዘ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ጎን ለጎን ማለፍ ስለማንችል ግድግዳውን ተጠግቶ አሳለፈኝ። የውጭውን በር ያስገባው አባቴ ነው፤ የትም አይነካም። ሳብ አድርጌ ዘጋሁት።