የአዲ ወር የመጨረሻ ዘጠኝ ቀናት

አላሜሉ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንዲት ቅንጣት ስትፈርስ የሚሆነውን በወረቀትና በእርሳስ ስታሰላ ኖራለች። ከአቧራ ብናኝ በስንትና ስንት እጥፍ የምታንስ አንዲት ቅንጣት! በደቡብ ሕንድ፣ በቼናይ ከተማ የምርምር ተቋም ያሉት ወንዶች ሦስት አራት እየሆኑ ሲጽፉ፣ እሷ ብቻዋን ደብተር በደብተር ላይ ትሞላለች። "ሴትዮዋ ዛሬም እየደመረች ነው?" እያሉ ይሳሳቁባት ነበር። ይሳቁ! ነሐሴ ሲገባ ስሌቱ ገጠመ። ጡረታ ለመውጣት ሰባት ወር ነበር የቀራት።

መጀመሪያ የነገረችው ለአባቷ ነው። ሶማሱንደራም ሰማንያ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ዓይናቸው የደከመ የሒሳብ መምህር ናቸው። ድሮ ዘመድ አዝማዱ "ልጅህን አትድራትም ወይ? ምን ፊዚክስ ፊዚክስ ትላለች!" ብሎ ሲያስጨንቃቸው፣ "እንግዲያው ቤቴ አትምጡ" ብለው የመለሱት እሳቸው ናቸው።

"ስሌቱን ዛሬውኑ ወደ ሳይንቲስቶቹ ድረ ገጽ እልከዋለሁ አፓ! ነገ ዓለም ሁሉ ያነበዋል።"

ሽማግሌው ግድግዳው ላይ ወደተሰቀለው፣ የየቀኑ ደግና ክፉ ሰዓት ወደተጻፈበት፣ በየማለዳው አንድ ቅጠል ወደሚቀድዱበት የቀን መቁጠሪያ ዞሩ። "አዲ እኮ ገና አልወጣም፤ ዘጠኝ ቀን ይቀረዋል። አዲ ገደ ቢስ ወር ነው፤ ሰርግ አይደገስበት፣ አዲስ ቤት አይገባበት፤ አንቺን ምን አስቸኮለሽ?"

"ውይ አፓ! ቅንጣቷ ስለ አዲ ምን ታውቃለች?"

"እሷ ባታውቅ እኔ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አንድ ነገር ለምኜሽ አውቃለሁ?"

እውነታቸውን ነው፣ ለምነዋት አያውቁም። አሥራ አንድ ዓመት የጠበቀ ሰው ዘጠኝ ቀን አያቅተውም ብላ እሺ አለች። ማንም ልጅ እሺ ይል ነበር።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ስሌቱ ወጥቶ ጠበቃት። ጸሐፊዎቹ የሩቅ አገር ሰዎች፣ ሁለት ወጣቶች። ያችው ቅንጣት፣ ያው ውጤት፣ እስከ መጨረሻዋ ቁጥር። በዚያ ሙያ ደግሞ ሁለተኛ የደረሰ "አረጋገጠ" ይባላል እንጂ "አገኘ" አይባልም። መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ ውኃውን ከፍታ አለቀሰች።

ለአባቷ ግን ትንፍሽ አላለችም። አዲ እንደወጣ የራሷን ጽሑፍ ላከችና አነበበችላቸው። እሳቸውም "አየሽ? በመልካም ቀን ነው የወጣልሽ" ብለው በደስታ እጃቸውን አጨበጨቡ።

በሳምንቱ ፓርታሳራቲ የሚባል የሥራ ባልደረባዋ ሊያጽናናት መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገና ሳይቀመጥ፣ "አይዞሽ አላሜሉ፤ በሁለት ቀን መቀደም እንዴት ያንገበግባል!" አለ። በዓይኗ ብትጠቅሰው መች ገባው!

ሽማግሌው ከወንበራቸው ቀና አሉ። "በሁለት ቀን?" ጣታቸው ጉልበታቸው ላይ ተንቀሳቀሰ። "ዘጠኝ ሲቀነስ ሁለት... ሰባት። ሰባት ቀን ትቀድሚያቸው ነበር።"

"አፓ፣ ተዉት በሞቴ..."

"ስሌትሽ ትክክል ነበር?"

"ትክክል ነበር።"

"ምነው ተሳስተሽ በነበር!" አሉና ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑ። አላሜሉ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ፓርታሳራቲ ጫማውን አድርጎ ወጣ።

በማግስቱ ማለዳ የቀን መቁጠሪያው ሳይቀደድ ዋለ። "አፓ፣ ልቅደድልዎ?" ብትላቸው፣ "ተይው፤ እኔ ከእንግዲህ ቀን አልመርጥም" አሏት።

በታኅሣሥ አረፉ። ዘመዶች ለአስከሬኑ ሽኝት ደህና ሰዓት እንፈልግ ብለው ወደ መቁጠሪያው ሲሄዱ፣ አሁንም ነሐሴ ላይ ቆሞ አገኙት።