ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ

ቀያሹን ሰፈሩ የሚጠራው «ውኃ ልክ» እያለ ነው። ስሙ ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፎቶ ትንሽ ከዘመመ ምግብ አይወርድለትም፤ እንግዳ ሆኖ በሄደበት ቤት እንኳ ተነስቶ ያቃናል። እንዲህ ያለው ሰው ነው እንግዲህ ከታላቅ ወንድሙ ጋር በአራት ሳንቲሜትር የተኳረፈው።

የእናታቸውን ቤት ሲካፈሉ ሜትሩን የያዘው እሱ ነበር። መሃል ግድግዳው አራት ሳንቲሜትር ወደ ወንድሙ ክፍል ገባ። ወንድሙ «ለአራት ሳንቲ ብለህ?» ቢለው፣ ውኃ ልክ ሆዬ «ሜትሩ የማንም ወንድም አይደለም» ብሎት ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አልተነጋገሩም። የእናታቸውን ቤት አከራይተው የሚኖሩት ደግሞ አንድ መንገድ ላይ ነው፤ ከበር እስከ በር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ። ለክቶታል።

ይቅርታ ልጠይቅ ብሎ ያልተነሳበት ወር የለም። ጫማውን ይወለውላል፣ ኮቱን ይለብሳል፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። ሃያ እርምጃ ሳይሄድ ቀጥ ብሎ ይቆማል። «በቃ፣ የዚህ ወሩ ተበላሸ» ብሎ ይመለስና የሚቀጥለውን ወር መጠበቅ ይጀምራል።

አንድ ጠዋት ሚስቱ ታከታት። «አንተ ሰው፣ መንገዱን ባንድ ቀን ጨርስ ያለህ ማነው? ዛሬ አንዲት እርምጃ ሂድና ተመለስ፤ ነገ ደግሞ አንዲት» አለችው። ለቀልድ ነበር። እሱ ግን ቀልድ የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። ወጣ፣ አንድ እርምጃ ተራመደ፣ የቆመበትን በቀይ ቀለም ምልክት አደረገና ገብቶ ቁርሱን በላ። በማግስቱ ምልክቱ ላይ ቆሞ ሁለተኛዋን ጨመረ።

በአርባ ሦስተኛው ቀን ትኩሳት ከአልጋ ጣለው። የድሮው ውኃ ልክ ቢሆን እዚያው ላይ ያበቃ ነበር። የአሁኑ ግን ሚስቱን የግራ ጫማውን አስይዞ ላካት። ምስኪኗ ሴትዮ ጎረቤት እያያት ጫማውን አንድ እርምጃ ወደ ፊት አስቀምጣ፣ ቀለሙን ቀብታ፣ አንገቷን ደፍታ ገባች። ባልየው ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ «ጫማው ሄዷል፤ እግሩ ነገ ይደርስበታል» አላት።

በሰባ አንደኛው ቀን መኪና ምልክቱ ላይ ቆሞ ጠበቀው። ባለቤቱን አስፈቅዶ ገባ፣ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ወንበር ተራመደ፣ አመስግኖ ወረደ። መንገዱ ለቧንቧ ሲቆፈር ደግሞ መስመሩን በፀጉር አስተካካዩ ቤት አሳለፈው። ቤቱን ለማቋረጥ አምስት ቀን ፈጀ። ቆሞ ብቻ መውጣቱ ነውር ስለመሰለው አምስቱንም ቀን ፀጉሩን ተስተካከለ። በአምስተኛው ቀን የሚቆረጥ ነገር ስላልነበረ ሰውየው መቀሱን ባየር ላይ እያንቀጫቀጨ ወሬ ብቻ አወራለት።

እኛ ጎረቤቶቹ ስቀንበት ነበር፣ አልዋሽም። መቶ ሃምሳኛዋን ሲያልፍ ግን የሚስቅበት ጠፋ። ጠዋት ጠዋት ሰዉ ከየበሩ ብቅ እያለ «ስንት ደረሱ?» ማለት ጀመረ።

መቶ ሰማንያ ሰባት ከደረሰ በኋላ፣ ቅዳሜ ጠዋት ምልክቱ ላይ ቆሞ የዕለቱን ሊራመድ ሲል ፀጉር አስተካካዩ እየሮጠ መጣ።

«ጋሽ ውኃ ልክ፣ ጉድ ሆነዋል! ወንድምዎ ዕቃቸውን ጭነዋል። ሰፈር ሊለቁ ነው!»

«ወዴት?»

«ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ነው አሉ።»

ሚስቱ የቀለሙን ቆርቆሮ ይዛ በቤት ልብሷ ደረሰች። «ሂድ እንጂ! የቀረው እኮ መቶ ሃያ አምስት ነው፤ ዛሬ ጠቅልለህ ሂደው!»

«አልችልም» አለ ውኃ ልክ። እንባው አገጩ ደርሷል። «ጠቅልሎ መሄዱን ሰባት ዓመት ሞክሬዋለሁ።»

የጭነት መኪናው ብቅ አለ። መንገዱ መውጫው አንድ ነው፤ ውኃ ልክ ደግሞ መሃሉ ላይ ተተክሏል። ሾፌሩ ጡሩምባውን አምባረቀ።

«አባቴ፣ ዞር ይበሉልኝ!»

«ዞር ካልኩ የዛሬዋ እርምጃዬ ትባክናለች።»

ሾፌሩ እንዲህ ያለ መልስ ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ሞተሩን አጠፋ። ከጭነቱ መሃል፣ ሶፋ ላይ መስታወት አቅፎ የተቀመጠው ታላቅ ወንድም አንገቱን አሰገገ።

«ስንት ደረስክ?» አለ። ከሰባት ዓመት በኋላ የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነበር።

«መቶ ሰማንያ ሰባት፣ ወንድም ጋሼ።»

«የዛሬዋን ወስደሃል?»

«ገና ነኝ።»

ወንድምየው ሾፌሩ መኪናውን በቀስታ እንዲያስጠጋ አደረገና የጎኑን ስፖንዳ አወረደ። የመኪናው ወለል ግን ከፍ ይላል። ከዕቃው መሃል አንድ የእንጨት ሳጥን አንስቶ ከሥሩ አስቀመጠለት። ውኃ ልክ ሳጥኑን አየ፣ መኪናውን አየ።

«በሳጥኑ ከሆነ እኮ ሁለት ይሆናል።»

«የነገዋንም ዛሬ ውሰዳት።»

ውኃ ልክ ለረጅም ጊዜ አሰበ። ከዚያ የዛሬዋን ሳጥኑ ላይ፣ የነገዋን መኪናው ላይ ተራመደ። ወንድሙ ጠጋ አለለት፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ለምንድነው የምትሄደው?» አለ ታናሽየው።

«በየቀኑ በመስኮት አይሃለሁ» አለ ታላቅየው፣ ዓይኑን ከመስታወቱ ሳይነቅል። «እየቀረብክ መጣህ። ስትደርስ ምን እንደምልህ ጨነቀኝ፤ ፈራሁ።»

«እኔም አላውቀውም። መቶ ሃያ አምስት ቀን አለኝ ብዬ ነበር እኮ የማስብበት።»

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ሊነዳ ሲል ውኃ ልክ እጁን ሰዶ የጋቢናውን ጣሪያ መታ መታ አደረገ።

«ሾፌር፣ ባክህ ቀስ ብለህ ንዳ።»